ሚስማሩን ማን መታው?

በዚያ ዘመን በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ሚስማር ሲመታበት፣ ራሱ ለቅርስ ጥበቃ ይናገር ነበር። ሚስማሩን የመታ ሰው ደግሞ ቤቱን ከነቤተሰቡ ይለቃል።

ጉለሌ ባለ አንድ የጥንት ፎቅ ቤት የምትኖረው አስካለ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሆኖም አባቷ አቶ ገብረየስ ከደረጃው እየወደቁ ስላስቸገሯት፣ ጨክና ግድግዳው ላይ የእንጨት መደገፊያ መታችላቸው።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ትሑት ወጣት ነበር።

«እትዬ፣ ማነው የመታው?»

አስካለ ልጆቿን አሰበች። ከዚህ ወጥተው የት ይገባሉ? ሕጉ አዛውንትን እንደሚምር ሰምታለች።

«አባባ ናቸው» አለች።

የአቶ ገብረየስ እጆች እንኳን መዶሻ፣ የሻይ ብርጭቆ መያዝ ካቃታቸው ቆይቷል። ሽማግሌው ልጃቸውን አየት አደረጉና፣

«አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ። እርጅና ነው፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

ወጣቱ የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን አየ፤ አስካለንም አየ። መደገፊያውን ነቀለና እጅ ነስቶ ወጣ።

አስካለ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «አባባ…» ብላ ጀመረች።

«ተይው» አሏት፤ «ይልቅ ደግፊኝ፣ ልውረድ።»

ትከሻዋን ሰጠቻቸው። ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱ ድረስ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።