የመጨረሻው ጉንጉን

ትርፌ ከኋላዬ ተቀምጣ ሹሩባ እየሠራችኝ ነበር። ፊደል የቆጠረችውም እንዲሁ ነው፤ እኔ ጭኔ ላይ ባስቀመጥኩት ሰሌዳ በከሰል ስጽፍ፣ እሷ በትከሻዬ አሻግራ እያየች። ባሪያችን ፊደል ለየች ከተባለ አባቴ ስለሚያስገርፋት በሹክሹክታ ነበር የምንማረው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ያመኛል!» አልኳት።

«ይታገሡኝ እሜቴ፣ አንድ ጉንጉን ነው የቀረኝ።»

«ዛሬ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታጠብቂው?»

«ጧት ውኃ ስቀዳ አንዲት መንገደኛ ሴትዮ አገኘሁ። ነፃ ወጥታ ከሩቅ አገር የመጣች ናት። ወረቀት ይዛ የልጄን መቃብር አሳዩኝ እያለች ታለቅሳለች።»

«አነበብሽላት?» ኩራት ተሰማኝ።

«አነበብኩላት።»

«አሁን የት ናት?»

«ወንዙ ዳር እየጠበቀችኝ ነው።»

ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ ጭኔ ላይ ዘረጋችው። «ልጅሽ ትርፌ ባለፈው ክረምት በፈንጣጣ ሞታለች» ይላል። እናቷ ልጄን ልውሰዳት ብላ ላስጻፈችው ደብዳቤ፣ አባቴ እየነገረኝ እኔ የጻፍኩት መልስ ነበር።

«የ‹በ›ን እግር ሁልጊዜ እንዲህ ያጎብጧታል» አለች ቀስ ብላ። «ለእኔም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ።»

ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። ፀጉሬ በእጇ ነበር፤ አልጎተተችኝም። የመጨረሻውን ጉንጉን እስከ ጫፉ ጎነጎነችና ቋጠረችው። ከዚያ ሚዶውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች።