ሁለተኛው ቅጂ

አስካለ በወጣትነቷ ያስቀረጸችው ሸክላ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ድምፅዋ ሰልሎ ከሹክሹክታ አያልፍም። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ሲመልሷት፣ ባሏ መርዕድ ዘፈኑን ወደ ኮምፒውተር ሊቀዳው ተነሳ። የሸክላ ማጫወቻውን አልጋዋ አጠገብ አኖረና ማይክሮፎኑን ከድምፅ ማጉያው ፊት ደቀነ።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አስካለ፣ «መርዕድ…» አለች።

«ኧረ በናትሽ! ድምፅሽ ገባበት እኮ!» አለና ቅጂውን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋው። «አንዴ ብቻ ዝም በይልኝ። ለልጆቹ የምናስቀረው ነው።»

በዓይኗ እሺ አለችው። መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። የሃያ ዓመቷ አስካለ ክፍሉን ሞላችው፤ እሱም ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ሲያበቃ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቅጂውን ፈተሸ። ከሸክላው ኮሽታ በቀር ምንም አልገባበትም።

«ወጣልን! በይ አሁን እንደ ልብሽ አውሪ። ቅድም ምን ልትዪኝ ነበር?» እያለ ፈገግ ብሎ ዞረ።

ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ትንፋሽዋ ግን የለም።

ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ሲገቡ፣ መርዕድን ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኙት።

«እባካችሁ፣» አላቸው፣ «ያጠፉትን ቅጂ የሚመልስ ሰው ታውቃላችሁ?»