የቤታችን ማኅተም

ሐኪሟ የገፋ ሆዷን ከጠረጴዛው ጠርዝ አርቃ፣ በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ትንሽ ጣት ወደ ብርሃኑ አዞረች። ኮምፒዩተሩ የራስን አባባል አይቀበልም፤ ሐኪም ሁሉ ከሚጋራቸው የውርስ ሕመም ምልክት መጠሪያዎች መምረጥ ግድ ነበር። «ዝቅ ብሎ የበቀለ ጆሮ» የሚለውን ተጫነች። «ተራርቀው የተቀመጡ ዓይኖች» የሚለውንም።

«ጆሮው እኮ የአያቱ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ቁርጥ አባቱን!» አለች እናትየው፣ ስክሪኑን አሻግራ እያነበበች።

ሐኪሟ «ወደ ውስጥ የጎበጠ ትንሽ ጣት» የሚለውን ለመጫን እጇን ስትዘረጋ እናትየው የሐኪሟን ጣት በዓይኗ ለቀም አደረገችው።

«ውይ ዶክተር፣ የርስዎም እንደሱ ነው ለካ! እኔ በከንቱ ልቤ ተሰቅሎ!» እፎይ ብላ ሳቀች። ወደ ሐኪሟ ሆድም አየት አድርጋ፣ «እሱም ይዞት ነው የሚመጣው፣ ያያሉ» አለቻት።

ሐኪሟ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን እንቢ አላት። እነዚያው ጆሮዎች፣ እነዚያው ዓይኖች የነበሩት ታናሽ ወንድሟ ከፊቷ ድቅን አለባት። እናታቸው የሁለቱንም ጣት «የቤታችን ማኅተም» እያለች ትስም ነበር። እሱን ቀብረው ከተመለሱ በኋላ ግን የሷን ጣት አንድም ቀን አልሳመችውም።