የወይዘሮ ስንቅነሽ ሮቶ

የውሃ ተቆጣጣሪው የሠርጉን ቀይ ከረባት ፈልጎ በማጣቱ ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ነበር ከቤት የወጣው። በዚያው ንዴቱ ወይዘሮ ስንቅነሽ ግቢ ገባ። ከጣሪያቸው የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅሙበት ሮቶ ክዳንም ወንፊትም የለውም።

«እማማ፣ መመሪያው ግልጽ ነው። ክዳን የሌለው ይታሸጋል።»

«ቧንቧው ከደረቀ ወር ሊሞላው ነው እኮ፣ ልጄ። ሰፈሩ በሙሉ ከዚህ ነው የሚቀዳው። ክዳኑን ቅዳሜ አስገጥማለሁ።»

«የርግብ ኩስ የወረደበትን ውሃ ሰው ይጠጣል እንዴ? እኔ ቤት አንዲት ጠብታ አይገባም!»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«እሺ፣ አሽገው። ብቻ እነዚያን የተሰለፉ ጀሪካኖች ለየባለቤቶቻቸው መልስልኝ፤ እኔን ጉልበቴን ያመኛል። ሁሉም ምልክት አላቸው።»

ተቆጣጣሪው የማሸጊያውን ሽቦ እንደያዘ ወደ ሰልፉ ዞረ። የመጀመሪያው ጀሪካን እጀታ ላይ የተቀደደ ካልሲ ታስሯል። ሁለተኛው ላይ ሰማያዊ ፌስታል። ሦስተኛው ላይ የሠርጉ ቀይ ከረባት፣ በሁለት ቋጠሮ ጥብቅ ተደርጎ።

ሽቦውን ቀስ አድርጎ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ክዳኑን ቅዳሜ ነው ያሉኝ፣ እማማ?»