አያ ደጉ ያመጡት ኪቦርድ

«ኧረ ይሄ ኮምፒውተር አበደ!»

ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሳሁ…

እህቴ ሚልካ የሱቄ በር ላይ ቆማለች። ነገ ሙሽራ ናት።

«አልሆነም?»

«ይሆናል አልኩሽ እኮ!»

«ከትናንት ጀምሮ ይሆናል ነው የምትለኝ…»

ነገሩ እንዲህ ነው…

2008 ግንቦት ላይ እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ነበረኝ። እተይባለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ነው የተውኩት። ቤተሰቡ ውስጥ «እሱ የጀመረውን አይጨርስም» የሚባለው ሰውዬ እኔ ነኝ።

እናታችን ወርቅነሽ ከማረፏ በፊት አንድ መዝሙር ሠርታ ነበር። «ሚልካዬ ስታገባ ይዘመርልኝ» ብላ…

ያንን መዝሙር ማጀብ የሚችለው የቸርቻችን ኪቦርድ ተጫዋች ጢሞቲዎስ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ደግነቱ ሲጫወት ጣቶቹን በቪዲዮ ቀርፀን አስቀርተናል።

በእሱ ቦታ የምትጫወተው ሶስና ናት። ጎበዝ ናት፤ ግን ወረቀት ካላየች አይሆንላትም። አስተማሪዋ ዜማውን ድሮ ከተቀዳ የመዘምራን ድምፅ ሰምታ፣ በኖታ ሶፍትዌር ጽፋ በፍላሽ ላከችልን።

የቀረው ከቪዲዮው እያየሁ፣ ከዜማው በላይ ኮርዱን፣ አጃቢውን ድምፅ፣ መጻፍ ብቻ ነው። ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ… ፊደል መጻፍ!

«ይቺማ ለኔ ምኗም አይደለች» አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው…

መጀመሪያ የአማርኛ መጻፊያው ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ኤ ማይነር ለማለት «Am» ብዬ ስመታ «ኣም» ብሎ ቁጭ አለ።

እሱን ዘጋሁ። ስፔስ ስመታ ደግሞ ኮርዱ ከፈለግኩት ኖታ አልፎ ቀጣዩ ላይ ይዘላል…

በማውስ ስጎትተው ግጥሙ ላይ ይወድቃል…

ግጥሙን ዝቅ ሳደርግ ገጹ በሙሉ ይተራመሳል…

ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግኩም ነበር።

እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ጨረስኩ። አጫወትኩት…

ዜማው ወደ ዳንግላ፣ ኮርዱ ወደ ቻግኒ!

ወረቀቷን ልትወስድ የመጣችው ሶስና ጆሮዋን ያዘች። «ይህን ከተጫወትኩ ሰርገኛው ምሳ ሳይበላ ነው የሚበተነው።»

ቪዲዮውን አየሁ። ጢሞቲዎስ ኪቦርዱ ላይ ፊደል ለጥፎበታል፤ ጣቱ ሲ ላይ ነው። እኔም የጻፍኩት ሲ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?

ጥጉ ላይ አያ ደጉ ቁጭ ብለዋል። ባለ ጋሪ ናቸው። ፊደሎቹን በደንብ እንዳይ ብዬ ኪቦርዱን ከቸርች ያስመጣሁት በእሳቸው ነው። መልሰው ሊወስዱት እየጠበቁኝ ነው።

«አንተ ልጅ… ያችን ነገር አልጫንካትም እኮ» አሉኝ።

«አያ ደጉ፣ ይሄ የጋሪ ጭነት አይደለም!»

ወደ ኪቦርዱ እየጠቆሙ ደግሞ…

«ጢሞቴ እኮ ሳይጀምር በፊት ሁልጊዜ…»

«በፈጠረዎት! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። በረንዳው ላይ ይጠብቁኝ!»

ወጡ። ውጭ ዝናብ ነው። ፈረሳቸውን በአገውኛ ሲያባብሉት ይሰማኛል…

ሚልካ አየችኝ። «እማዬ ብትኖር ዛሬ አንድ ጥፊ ነበረህ።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ተወው በቃ። የእማዬ መዝሙር ይቅር።»

ይቺን «ይቅር» የምትባል ቃል… መስማት አልቻልኩም።

ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«አያ ደጉ… ምኗን ነው ያልጫንኳት?»

ገቡ። እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ። ኪቦርዱ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቁልፍ አሳዩኝ።

«ይቺን። ሦስቴ።»

አንድ… ሁለት… ሦስት ጊዜ ጫንኳት። ዜማውን ከኮምፒውተሩ ከፍቼ ጣቴን ሲ ላይ አሳረፍኩ።

ከዜማው ጋር ግጥም!

ለካ ጢሞቲዎስ ጣቱን ከለመደው ቦታ አይነቅልም። የመዘምራኑ ድምፅ ከፍ ሲል፣ በዚያች ቁልፍ ኪቦርዱን ራሱን ሦስት እርከን ከፍ ያደርገዋል። ጣቱ ሲ ላይ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ሌላ። እኔ የጻፍኩት ጣቱን ነው!

ሶፍትዌሩ ላይ ኮርዱን ሁሉ በአንዴ ሦስት እርከን ከፍ አደረግኩት። አጫወትኩት…

ሚልካ ሳታስበው የእማዬን መዝሙር ማዜም ጀመረች።

እኔ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ብቻዬን እስቃለሁ።

አሁን «አያ ደጉ ለካ ድሮ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ነበሩ» ብዬ ልጨርስ መስሏችኋል አይደል?

አልነበሩም።

«ከየት አወቁት?» ስላቸው ሳቁብኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ! አራት ዓመት ሙሉ ዕቃውን በየሰርጉ አወርድለታለሁ። ሳይጀምር በፊት ይቺን ሦስቴ ይነካታል። እኔማ በስመ አብ የሚልባት መስሎኝ፣ አብሬው አማትብ ነበር!»

በማግስቱ ሶስና ወረቀቷን እያየች ተጫወተች። መዝሙሩ ተዘመረ። ሚልካ አለቀሰች፤ አባቴም ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጨረስካት» አለኝ። አያ ደጉን ከሙሽሮቹ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

እኔ የተማርኩት ይህንን ነው፦ መፍትሔው ሁልጊዜ የተማረ ሰው ጋ ብቻ አይደለም። ዕቃ የሚያወርደውም ሰው ዓይን አለው። የምናባርረው ሰው የምንፈልገውን ይዞ ሊሆን ይችላል…

ሰርጉ ላይ «አያ ደጉ፣ ምነው ጮክ ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ?» አልኳቸው። መልሰው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸውን እናንተ ኮመንት ላይ መልሱልኝ…

«ሁለቴ ነግሬህ አባረርከኝ እኮ! ለመሆኑ አንተ ዘንድ ሰው ስንት ጊዜ ሲናገር ነው የሚሰማው?»