ሁለቱ አራሶች

ሙቀቱ ባለ ትልቅ መንቁሩን የጫካ ወፍ፣ በተለይ ወንዱን፣ መፍጀት ከጀመረ ወዲህ አዲስ ሕግ ወጣ። እንስቷ ልትፈለፍል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ስትደፍን፣ በተረፈችው ስንጥቅ በኩል በሟች ባሏ ፈንታ የሚያበላት ሰው ይመደባል።

ዘንድሮ ዕጣው ለወንድማገኝ ወጣ፤ ሚስቱ ብርቄ በወለደች በሳምንቷ። ጎህ ሲቀድ ለወፏ ሾላ ሊለቅም ይወጣል፤ ሲመሽ ይገባል። ለብርቄ ገንፎ የምታገነፋላት ጎረቤት ናት።

«አራስህ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች ብርቄ።

«ዛሬስ ጥሩ በላች።»

«እሰይ።»

አንድ ምሽት ሲመለስ የቤቱ በር ዳር ዳሩን በጭቃ ተመርጎ፣ እጅ የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ቀርታ አገኘ። በስንጥቋ የብርቄ እጅ ተዘርግቶ ወጣ።

«ብርቄ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ያመጣህልኝን አቀብለኝ።»

ወንድማገኝ ኪሱን ዳበሰ። አንድ ሾላ እንኳ አላስተረፈም።