ራቤል ከማዶ

«ትነሺያለሽ ወይስ አትነሺም?» አለች የትምወርቅ፣ ከዳገቱ አናት ሆና ቁልቁል እየጮኸች።

ነፋሱ ድምፅዋን ነጥቆ ወደ ገደሉ ይዞት ሄደ። ሐጂራ ግን ሰምታለች። ከሚሌኒየሙ በዓል የቀረ ኮፍያዋን ጆሮዋ ድረስ ደፍታ፣ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች እጇን ወዘወዘች። ቆይ ማለቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መልሷ ቆይ ብቻ ነው።

የትምወርቅ መሬቱን በዱላዋ ወጋችው። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ በየሳምንቱ፣ ባለፈው ካቆሙበት እየቀጠሉ፣ ከጣርማበር የተራራውን ጫፍ ጫፍ ይዘው በእግራቸው እዚህ ደርሰዋል። የጓሳ ውርጭ ከንፈራቸውን ሰነጣጥቆታል። ገብስ የሚወቁ ገበሬዎች «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» እያሉ አብረዋቸው ሊፈልጉ ተነስተዋል። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ራቤል ማዶ ቆርቆሮዋን እያብለጨለጨች ትታያለች፤ አንድ ሸለቆ ወርዶ አንድ ዳገት መውጣት ነው የቀረው።

ነገሩን ያመጣው የሐጂራ የስኳር በሽታ ነበር። ሐኪሟ «ተራመጂ» ቢላት፣ ጨርቅ ቤቷን ለልጇ እየተወች ከጎረቤቷ ከየትምወርቅ ጋር እስከ ከተማቸው እስከ መሐል ሜዳ ዳር ወጣ ገባ ማለት ጀመረች። የትምወርቅ ደግሞ በዚያው ክረምት ጡረታ ወጥታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ስታስተምር እነዚህን ተራሮች ካርታ ላይ በቾክ ጫፍ ስትነካቸው ኖራለች እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ተራምዳ አታውቅም። «እንደው እስከ ራቤል ብንሄድስ?» ያለችው እሷ ናት። ሐጂራ «አብደሻል» ብላ ሳቀች፤ በማግስቱ ግን ስንቅ ምን እንያዝ ብላ መጣች።

የትምወርቅ ወረደች። የወጣችውን ዳገት መልሳ መውረዷ ይበልጥ አናደዳት።

«ሐጂራ፣ ልታሳብጂኝ ነው? ፀሐይዋን አታይም?»

«አትቆጪ የትሜ። ደክሞኝ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት የዚህን እጥፍ ስትሄጂ ያልደከመሽ፣ ዛሬ ሊያልቅ ሲል ነው የደከመሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ያምሻል?»

«ኧረ ምንም አላመመኝም።»

«ካላመመሽ ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል!»

በጩኸቷ ራሷም ደነገጠች። ሐጂራ አንገቷን ደፍታ ተነሳች፤ ጥቂት ተራመደች። የትምወርቅ ልብ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ሐጂራ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች፤ መጎተቷን ግን ያወቀች አትመስልም።

«ቁጭ በይ እስቲ። ጠጠር ገብቶብሽ ይሆናል።»

ንዴቷ ሳይበርድላት ተንበርክካ ክሩን ፈታች፤ ጫማውን ሳበች። አልወጣም። ጠንከር አድርጋ ስትስበው አንዳች ነገር ተላቀቀ። ካልሲው ከተረከዙ እስከ መሐል እግሯ ረጥቦ ጠቁሯል። ጣቷን ጫማው ውስጥ ከታ ስትዳብስ ወጋት። ጫማ ሰፊው በቀደም ከመታላት ሶል አንዱ ሚስማር ወደ ውስጥ ዘልቋል። ሐጂራ ከጠዋት ጀምሮ ስትረግጠው የዋለችው እሱን ነው።

«ምንድን ነው?» አለች ሐጂራ፣ ጎንበስ ብላ እግሯን እንደ ሌላ ሰው እግር እያየችው።

«ይሄ ሁሉ ደም ሲፈስሽ አልተሰማሽም?»

«አልተሰማኝም።» ቁስሉን ነካ አድርጋ፣ «ወላሂ አልተሰማኝም፣ የትሜ» አለች።

የትምወርቅ ገባት፤ ስኳሩ እግሯን አደንዝዞታል። ንዴቱ እንደሆን አልወጣላትም፤ የሚያርፍበት ነው ያጣው። ጫማ ሰፊውን ረገመች። ነፋሱን ረገመች። የራሷን አፍ ግን ምን ትበለው? የነጠላዋን ጠርዝ በጥርሷ ቀዳ ቁስሉን ትጠመጥም ጀመር።

«እሰሪውና እንሂድ» አለች ሐጂራ፣ ማዶ ማዶውን እያየች። «ካላመመኝ ምን ቸገረኝ? እዚህ ደርሰንማ አንመለስም። እኔም እኮ ጓጉቻለሁ።»

የትምወርቅ ቀና ብላ ራቤልን አየቻት። የአንዱ ቤት በር ሲከፈት እንኳ የሚለይ ይመስላል። እጇ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ልቧ «እሺ» ብሎ ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይም ደርሶ ነበር።

በራቤል በኩል በኮረኮንቹ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። በግ የጫነ አይሱዙ ነው፤ ዳገቱን እያጓራ ይወጣል። የትምወርቅ ቋጠሮውን አጥብቃ አሰረችና መንገዱ መሐል ገብታ ዱላዋን አግድም ዘረጋች።

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «ምን ሆናችሁ፣ እማማ? እኔ ወደ መሐል ሜዳ ነኝ። እናንተ ወደ ራቤል ከሆናችሁ…»

«መሐል ሜዳ ነን» አለች የትምወርቅ። «ሆስፒታል።»

«የትሜ!» አለች ሐጂራ።

«ዝም በይ! ግቢ!»

ጋቢናው ውስጥ የሐጂራን እግር ጭኗ ላይ አሳረፈች። በእግራቸው ጠዋቱን ሙሉ የፈጁበት መንገድ በመስኮቱ እየተንደረደረ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሐጂራ ማኩረፍ አልሆነላትም፤ ጥቂት እንደሄዱ ወሬዋን ጀመረች። «ያችን የጅብራ ዛፍ አየሻት? እሷ ሥር አይደል ዳቦ የበላነው?»

የትምወርቅ የሐጂራን የእግር አውራ ጣት ያዘችና ጫን አለችው፤ ፊቷንም አየች። ሐጂራ ውጭ ውጭውን እያየች ስለ ዳቦው ታወራለች። ቀጣዩን ጣት ጫን አለች። ከዚያ ሌላውን፣ በጥፍሯ ጭምር። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ሐጂራ ወሬዋን አቋርጣ ዞር አለች።

የትምወርቅ «ተሰማሽ?» ልትላት አፏን ከፈተች።

«በርዶሻል መሰለኝ» አለች ሐጂራ፣ የየትምወርቅን እጅ እያየች። «እይው፣ ይንቀጠቀጣል።»